የመጨረሻዋ ሽቦ

ስልኩ የተደወለው ለእረፍት ጥቂት ሲቀረው ነው። ዘበኛው የክፍሉን በር ገፋ አድርጎ «መምህር፣ ከአርባ ምንጭ ስልክ ይዘውልሃል» አለኝ። ደብረ ብርሃን ማስተማር ከጀመርኩ አምስት ዓመት ሆኖኝ ነበር፤ በአምስቱ ዓመት ከአርባ ምንጭ አንድም ሰው ደውሎልኝ አያውቅም። ጠመኔውን አስቀምጬ ወደ ቢሮ ስሄድ ማን እንደሞተ ሳይነገረኝ አውቄው ነበር።

«ታደለ ነኝ» አለ ድምፁ እየተቆራረጠ። «ጋሽ አንጁሎ አረፉ። ተቀብረዋል፤ ትልቁ ለቅሶ ግን ቅዳሜ ዶርዜ ነው። እትዬ ማርታ ‹መምህሩ ይምጣ፣ የሱ ዕቃ እኛ ጋ አለ› ብለዋል።»

«የምን ዕቃ?» አልኩት፣ እያወቅኩት።

«እኔ እንጃ። እሱ ያውቃል ነው ያሉት።»

ጋሽ አንጁሎን ለማያውቃቸው ሰው ሳይክል ጠጋኝ ነበሩ ብሎ መጨረስ ይቻላል። ሱቃቸው ሲቀላ በሚባለው የአርባ ምንጭ ሰፈር፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ አንድ ትልቅ የማንጎ ዛፍ ሥር የነበረች የቆርቆሮ ክፍል ናት። ከጣሪያዋ ሃያ ሠላሳ ቸርኬ ተንጠልጥሎ፣ ነፋስ ከሐይቁ በኩል በመጣ ቁጥር ሁሉም ቀስ እያለ ይዞራል። ነፋስ በሌለበት ቀን ደግሞ አንዱ ብቻ ሲዞር ያየሁበት ጊዜ አለ። የፊዚክስ አስተማሪ ነኝና ምክንያት ፈለግኩለት፤ አይጥ ነው አልኩ።

የተወለዱት ዶርዜ፣ ከሸማኔ ቤት ነው። ራሳቸውም እስከ ጎልማሳነታቸው ሸምነዋል። ለምን ሽመናውን ትተው ወደ ቆላ እንደወረዱ ተናግረው አያውቁም፤ ጣቶቻቸው ግን ሸማኔነታቸውን አልተዉም። ሥራ ሲጀምሩ የግራ ጫማቸውን ያወልቃሉ። ቸርኬውን በእግር ጣታቸው እያዞሩ፣ በሁለት እጃቸው ሽቦዎቹን አንድ በአንድ ይወጥራሉ። መለኪያ የሚባል ነገር አይነኩም። እያንዳንዱን ሽቦ በአውራ ጣታቸው ጥፍር መታ አድርገው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ጆሯቸውን አስጠግተው ያዳምጣሉ። ያን ጊዜ ቢያናግሯቸው አይመልሱም፤ ዝንብ አፍንጫቸው ላይ ብታርፍ እንኳ አይነቃነቁም። ሠርተው ሲጨርሱ ቸርኬውን ሁለት ጉማጅ እንጨት ላይ አጋድመው፣ በባዶ እግራቸው ይወጡበትና ጠርዙን ይዞሩታል። በቀጭን ጠርዝ ላይ አንድ ትልቅ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ክብ ሲዞር ማየት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ላየው ሰው ደስ የሚል ነገር አይደለም።

አማርኛቸው የራሳቸው ነበር። ቸርኬ ምንጊዜም «እሷ» ናት። ባለቤታቸው እትዬ ማርታ ግን እንደ ቀኑ «እሱ»ም ይሆናሉ፤ እሳቸውም ከጓዳ ሆነው «ደግሞ ዛሬ ወንድ ሆንኩ!» ብለው ይስቃሉ።

ሰው ከሩቅ የሚያወራላቸው ግን ስለ መጨረሻዋ ሽቦ ነበር። ሠላሳ አምስቱን ሽቦ ወጥረው ሲጨርሱ ሠላሳ ስድስተኛዋን አላልተው ይተዋት ነበር። ከዚያ የሳይክሉን ባለቤት ቀና ብለው ያዩትና ይጠይቁታል፦ «የደበቅከው አለ?»

በጋሞ ደጋ ጎሜ የሚባል ነገር አለ። ሰው ወሰን ገፍቶ፣ ወይም ዋሽቶ፣ ወይም የማይነካውን ነክቶ ዝም ካለ፣ ያ የተደበቀው ጥፋት በሌላ በኩል ይወጣል ነው የሚባለው። ላሚቱ ትነጥፋለች፣ ልጅ ይታመማል፣ ዝናብ የእሱን ማሳ ትቶ ያልፋል። መድኃኒቱ አንድ ነው፤ እርጥብ ሳር ይዞ ሰው ፊት መናገር። ጋሽ አንጁሎ ይህን ወደ ቸርኬ አመጡት። ሰዎች ይስቁባቸዋል፣ ግን ይናገራሉ። አንዱ «ትናንት ሚስቴን ሰድቤያለሁ» ይላል፣ ሌላው «ለአለቃዬ ታምሜያለሁ ብዬ ቀረሁ» ይላል። እሳቸው አይመክሩም፣ አይቆጡም። አንገታቸውን ነቅነቅ አድርገው የሽቦ መወጠሪያ ቁልፉን በዚያች ሽቦ ላይ ግማሽ ዙር ያዞሩና «ሂድ፣ ደህና ነች» ይላሉ።

በቤተ ክርስቲያናቸው የታወቁ አማኝ ነበሩ፤ እሑድ እሑድ ነጭ ሸሚዝ ለብሰው ከፊት ነው የሚቀመጡት። ወንጌላዊው አንድ ቀን ሱቅ ድረስ መጥቶ «ወንድም አንጁሎ፣ ጌታ ከጎሜ ነፃ አውጥቶናል፣ ይህን ነገር ተው» ሲላቸው ነበርኩ። ጋሽ አንጁሎ ቀና ሳይሉ፣ «እኔን ነፃ አውጥቶኛል፣ ይመስገን። ቸርኬዋን ግን አልጠየቅኳትም» አሉት። ወንጌላዊው ሳይወድ ሳቀ። ሲወጣ ግን የራሱን ሳይክል ከበሩ ላይ አንስቶ ለሌላ ቀን እንደሚያሠራው ተናገረና ሄደ።

አንድ የላንቴ ሙዝ ነጋዴ ደግሞ ነበር። የኋላ ቸርኬው ላይ አንዲት ሽቦ፣ ሁልጊዜ አንዷ ብቻ፣ ሦስት ጊዜ ተበጠሰችበት። በሦስተኛው ጋሽ አንጁሎ ጥያቄያቸውን ጠየቁት። ሰውዬው ላብ አጠመቀው፤ በመጨረሻ የወንድሙን የወሰን ድንጋይ አምስት እርምጃ መግፋቱን ተናገረ። ከዚያ ወዲያ ያቺ ሽቦ አልተበጠሰችም። እኔ ታዲያ ዝም አልልም፤ «ጋሼ፣ የሞዞው ቀዳዳ ስለት አውጥቶ ነበር፣ ሽቦዋን የሚቆርጣት እሱ ነው» አልኳቸው። ሞዞ ሽቦዎቹ ሁሉ መሃል ላይ የሚሰበሰቡበት እምብርት ነው።

«አዎ፣ ሞረድኩት» አሉኝ።

«ታዲያ ሞረዱ ነዋ ያዳናት!»

«መጀመሪያ ተናገረ። ቀጥሎ ሞረድኩ። አንተ አንዱን ብቻ ውሰድ።»

እኔ አርባ ምንጭ የተመደብኩት ከትምህርት ቤት እንደወጣሁ ነው። ከዚያ በፊት የማላውቀውን የሳይክል ፍቅር የያዘኝ እዚያ ነው፤ የጨንቻን ዳገት እያየ የሚኖር ወጣት ወይ ይወጣዋል ወይ ያብዳል። ጓደኛዬ ታደለ የላንቴ ልጅ፣ የአንድ መጋዘን ጸሐፊ ነበር። አብረን እንለማመድ ነበር። በዳገት ላይ ማን ይበልጣል ቢሉ ሁለታችንም አንድ ቀን እኔ፣ አንድ ቀን እሱ እንል ነበር፤ እውነቱ ግን እሱ ነበር የሚበልጠው።

በዚያ ዓመት ለክልሉ ቡድን ከእኛ ከተማ አንድ ሰው ብቻ እንደሚመረጥ ተነገረ። ምርጫው በአንድ ውድድር ነው፤ ከአርባ ምንጭ ተነስቶ በላንቴ መንገድ፣ ከዚያ ወደ ግራ ታጥፎ እስከ ጨንቻ መውጣት፣ ዞሮ ደግሞ እዚያው አርባ ምንጭ መውረድ። እንደዚያ ቀን የፈለግኩት ነገር ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም የለም።

አዲስ አበባ ያለ ዘመዴን አስጨንቄ ሁለት የአሉሚኒየም ቸርኬ አስመጣሁ፤ አንዱን ለእኔ፣ አንዱን ለታደለ፣ ቁርጥ አንድ ዓይነት። ጋሽ አንጁሎ ዘንድ ይዘናቸው ስንሄድ ወረቀት ሁሉ ይዤ ነበር። የሚሽከረከር ክብደት ዳገት ላይ ከማንኛውም ክብደት የበለጠ እንደሚያደክም አስረዳኋቸው። የፊቱ ይህ ሆኖ ለኋላውም ሌላ አሉሚኒየም እንዳስመጣ፣ ሽቦውም ከሠላሳ ስድስት ወደ ሃያ አራት እንዲቀነስ ፈለግኩ።

እሳቸው አንዱን ቸርኬ በአንድ ጣታቸው አንጠልጥለው በጥፍራቸው መቱትና አዳመጡ።

«ቀላል ነች» አሉ። «ቆንጆ ነች። ሃያ አራት ካደረግናት፣ የተረፈው ቀዳዳ ለምን ተበሳ?»

«ለክብደት እኮ ነው ጋሼ። ዳገቱን ለመውጣት—»

«መምህር፣ ጨንቻ ወጥተህ እዚያ ትኖራለህ?»

«አይ፣ እወርዳለሁ።»

«የምትወጣው እግር ይበቃዋል። የምትወርደው ግን ቸርኬ ይፈልጋል። ፊት ቀላሏን እሰጥሃለሁ፣ አንተ ፊቷ ላይ አትቀመጥም። ኋላ ብረቷ ትቆያለች፣ ሰውዬው የሚቀመጠው እሷ ላይ ነው። ሽቦ ሠላሳ ስድስት።»

ወረቀቴን አጥፌ ኪሴ ከተትኩ። ቆይቼ ሳሰላው ልክ ነበሩ፤ ይህን ግን አልነገርኳቸውም።

ሁለቱን ቸርኬ በሁለት ቀን ሠሩ። እንዳይሳሳቱ ሞዞው ላይ የጥጥ ክር አሰሩባቸው፤ ለታደለ ቀይ፣ ለእኔ ቢጫ። የታደለ ሽቦ ላይ «የደበቅከው አለ?» ሲሉት ታደለ ራሱን አከከና «የእናቴን ማር ሰርቄ በልቻለሁ፣ ግን ትንሽ ሆኜ ነው» አለ። ጋሽ አንጁሎ ሳቁ፤ ሲስቁ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። የእኔን ግን የመጨረሻዋን ሽቦ ያዙና «ያንተ ለጊዜው ትቆይ» አሉኝ። «ሮጣ ትፈተን፣ ከውድድሩ በፊት ትመጣለህ።»

ውድድሩ ሳምንት ሲቀረው የታደለ እናት ታመሙና እሱ ካምባ ወዳለች እህቱ ቤት፣ እናቱ ወደተኙበት፣ ሄደ። ሳይክሉን እኔ ቤት አስቀመጠ። በሦስተኛው ቀን ሳይክሉን አወጣሁት። ለምን እንዳወጣሁት አሁንም ሳስበው አፍራለሁ፤ ጋሽ አንጁሎ ለእሱ የተሻለ ሠርተውለት እንደሆነ ለማየት ነው። ከላይኛው ሰፈር ከሴቻ ወደ ሲቀላ ቁልቁል ለቀቅኩት። አንድ ፍየል ገባብኝ፣ ሸሸሁ፣ የመንገዱ ጠርዝ ድንጋይ ላይ ወጣሁ።

እኔ ምንም አልሆንኩም። የፊት ቸርኬው፣ ቀይ ክር ያለው፣ ከአየር መሙያው ሁለት ጣት በስተቀኝ ወደ ውስጥ ገብቶ ተጣመመ። ቤቴ ወስጄ ጉማጅ እንጨት ደግፌ በመዶሻ አቃናሁት፣ ሽቦዎቹን በራሴ ወጠርኩ። ሳዞረው ቀጥ ብሎ ዞረ። የመዶሻው ምልክት የገባበት ቦታ ላይ ትንሽ ጠባሳ ቀርታ ነበር፤ አፈር ቀባሁባት።

አሉሚኒየም አንዴ ተጣሞ የተቃና እንደሆነ ውስጥ ውስጡን እንደሚደክም ለተማሪዎቼ ያስተማርኩ ሰው ነኝ። ዳገት ላይ ምንም አይሆንም፤ ከጨንቻ ቁልቁል ሲወረድ ግን ሊሰነጠቅ ይችላል። ያ ከሆነ ደግሞ ታደለ አይተርፍም። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ብናገር ታደለ ይቆጣኛል ብዬ አልነበረም የፈራሁት፤ ጋሽ አንጁሎ የእኔን ቸርኬ አውጥተው ለእሱ ይሰጡታል ብዬ ነው። ታደለ ሲመለስ «ደህና ቆየች?» አለኝ። «ደህና» አልኩት።

የውድድሩ ዋዜማ ከሰዓት በኋላ ሁለታችንም ማንጎው ሥር ተገኘን። ጋሽ አንጁሎ የግራ ጫማቸውን አወለቁና ከታደለ ጀመሩ። ሽቦዎቹን አንድ በአንድ መቱ። ከአየር መሙያው በስተቀኝ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ። አንዴ ደግመው መቱ። እኔ ልዩነት አልሰማሁም። እትዬ ማርታ ከጓዳ ብቅ አሉ፤ ማንም አልጠራቸውም ነበር።

«ማን ነካት?» አሉ ጋሽ አንጁሎ።

«ማንም» አለ ታደለ። «መምህር ቤት ነበረች።»

ሁለቱም አዩኝ።

«እኔ አልነካሁም» አልኩ።

ጋሽ አንጁሎ ብዙ አዩኝ። ከዚያ ተነሥተው ወደ አጥሩ ሄዱ፣ አንድ እፍኝ እርጥብ ሳር ነጭተው መጡና ቸርኬው ላይ አኖሩት።  የተወጠረውን ሁሉ አላልተው እንደ አዲስ ጀመሩ። ፀሐይ ወደ ተራራው ጀርባ እስክትጠጋ ሽቦ በሽቦ ወጠሩ። ስንጥቅ ፈልገው አላገኙም፤ ጠባሳዋን በጣታቸው ሲዳብሷት ግን አይቻለሁ።

በመጨረሻ የእኔን ያዙ። ቢጫ ክሩን ነካ አድርገው፣ ቁልፉን የመጨረሻዋ ሽቦ ላይ አኖሩና ቀና አሉ።

«መምህር፣ የደበቅከው አለ?»

 ከጣሪያው ላይ የተንጠለጠሉት ቸርኬዎች አንዳቸውም አይዞሩም ነበር።

«የለም» አልኩ።

እጃቸውን ከቁልፉ ላይ አነሡ። አላዞሩትም። «እንግዲህ እንደሱ ሂድ» አሉኝ። አንዲት ሽቦ ብትላላ ምንም እንደማትጎዳ ስለማውቅ፣ ቤቴ ስደርስ ራሴ አጠበቅኳት።

በማግስቱ ጠዋት አሥራ አንድ ተወዳዳሪዎች ሆነን ተነሣን። ዳገቱ ሲጀምር ከፊት የቀረነው ሁለታችን ነን። ወደ ታች የአባያ ሐይቅ ቀይ ሆኖ ይታያል፤ ዶርዜ ስንደርስ ግን ጉም ወረደ። እንሰቱም ቀርከሃውም ጠፋ። ከፊቴ የታደለ ጀርባ ብቻ ይታየኛል፣ አንዳንዴ እሱም አይታይም።

ያኔ ነው የሰማሁት። ጥቅ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ፣ ጥቅ። በእያንዳንዱ የቸርኬ ዙር አንድ ጊዜ። የተሰነጠቀ አሉሚኒየም ሲከፈትና ሲገጥም የሚያሰማው ድምፅ ነው፤ ታደለ ከፊቴ ነበርና ከእሱ የሚመጣ ነበር የመሰለኝ። ልጠራው አፌን ከፈትኩ። ትንፋሽ አጠረኝ።

ጥቅ። ጥቅ። ጨንቻ ልንደርስ ጥቂት ሲቀረን ታደለ ተነሥቶ ፔዳሉን ረገጠና ጉሙ ውስጥ ገባ። ጎማው ድንጋይ ላይ የሚያሰማው ድምፅ ሲርቅ ይሰማኛል። ከዚያ ፈጽሞ ጠፋ። ብቻዬን ቀረሁ።

ጥቅ።

ከእኔ ጋር ቀረ። ታደለ ከሄደ በኋላ ድምፁ እዚያው፣ እግሬ ሥር፣ ከእኔው ጋር ቀረ። ፍሬን ያዝኩ። ሳይክሉን አዙሬ የፊት ቸርኬውን አየሁ። ቢጫ ክር፣ የራሴ ቸርኬ፣ አንድም ጊዜ ድንጋይ ያልመታው፣ መዶሻ ያልነካው። ከአየር መሙያው ሁለት ጣት በስተቀኝ፣ ጥፍር የሚያስገባ ስንጥቅ።

ጥፍሬን ስንጥቁ ውስጥ አስገባሁ። ያን ያህል የፈራሁበት ቀን የለኝም። ክሩን አየሁት፣ ደግሜ አየሁት፣ ቢጫ ነው። ጠባሳ ፈለግኩ፣ የለም።

ብዙ ሳይቆይ ታደለ ጨንቻን ዞሮ ከጉሙ ውስጥ ወጣ። «መምህር! ምን ሆንክ?» ብሎ ጮኸና በአጠገቤ በረረ። ስሙን እንኳ አልጠራሁም። ቆሜ አዳመጥኩ፣ ድምፁ እስኪጠፋ። አልወደቀም። አሸነፈ፤ ለክልሉም እሱ ተመረጠ።

እኔ በጭነት መኪና ወረድኩና ቸርኬውን ይዤ ቀጥታ ወደ ማንጎው ሄድኩ። ጋሽ አንጁሎ ስንጥቁን አዩ። የተገረሙ አልመሰለኝም።

«ቀያየሩት እንዴ?» አልኳቸው። «ክሩን ቀያይረውታል?»

«አልነካሁም» አሉ። እኔ የተናገርኳትን ያቺን ቃል፣ እንዳለች። ከዚያ ደግሞ ጠየቁኝ። «አሁንስ አለ?»

ታደለ በሕይወት አለ። አሸንፏል። ምንም የሚያስፈራ ነገር አልቀረም። ያኔ መናገር እንዴት ቀላል ነበር! «ድንጋይ መትቶት ይሆናል» አልኩ።

ጋሽ አንጁሎ ቁልፋቸውን አነሡ፣ ትናንት ያላዞሩትን ሽቦ ፈትተው አወጡትና በነጭ ጨርቅ ጠቀለሉት። ቸርኬውን ከጣሪያው ሰቀሉት። «ሲመጣልህ ትመጣለህ» አሉኝ። በዚያው ዓመት ዝውውር ጠየቅኩ።

ታሪኩን በሦስት መንገድ ለራሴ አስረድቻለሁ። ጋሽ አንጁሎ ክሮቹን ቀያይረዋል፤ ወይም እኔው የመታሁት የራሴን ነበር፣ ግራ ገብቶኝ ነው፤ ወይም ቸርኬው ከፋብሪካው ጀምሮ እንከን ነበረበት። ሦስቱም ያስኬዳሉ። ሌሊት አንዳቸውም አያስተኙም።

ቅዳሜ ዶርዜ ስደርስ የለቅሶው ሜዳ በሰው ተሞልቷል። በአንድ በኩል የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ይዘምራሉ፤ በሌላው በኩል ሽማግሌዎቹ እንደ ጥንቱ ጦር ይዘው ሜዳውን በሩጫ ይዞራሉ፣ ወንዶቹም የሟቹን ዕቃ ከፍ አድርገው ይከተላሉ። የሽመናቸው መወርወሪያ፣ የግራ ጫማቸው፣ ቁልፋቸው። ከሁሉም ፊት የሚሮጠው ሰው በግራ ክንዱ እንደ ጋሻ የያዘው አንድ የፊት ቸርኬ ነው። ቢጫ ክር አለው። አንድ ሽቦ ጎድሎታል። ባጠገቤ ባለፈ ቁጥር፣ በሦስቱም ዙር፣ ፊቱን ወደኔ ያዞር ነበር፤ ሰውየውን በሕይወቴ አይቼው አላውቅም።

እትዬ ማርታ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ከሴቶቹ መካከል ወጡ። አቀፉኝ፣ አለቀስን። ከዚያ ነጩን ጨርቅ እጄ ላይ አኖሩልኝ። «ወስደህ የምትሄድ እንደሆነም የአንተ ነው» አሉኝ። «እሱ ግን እስከ መጨረሻው ‹ይመጣል› ይል ነበር።»

ታደለ ሳይክሉን አጥር ላይ አስደግፎ ቆሟል። ያው ሳይክል ነው። ሰላም ሳልለው ጎንበስ ብዬ የፊት ቸርኬውን አየሁ። ቀዩ ክር ደብዝዟል። ከአየር መሙያው ሁለት ጣት በስተቀኝ የመዶሻዬ ጠባሳ አለ። አምስት ዓመት ሙሉ ከጨንቻ የወረደ ቸርኬ፣ አንድ ስንጥቅ የለውም።

እዚያው አጥሩ ሥር ነገርኩት። ሳር ነጭቼ በእጄ ይዤ ነበር፤ መቼ እንደነጨሁት አላውቅም። ካምባ በሄደ ጊዜ ሳይክሉን እንዳወጣሁት፣ ድንጋዩን፣ መዶሻውን፣ አፈሩን፣ «አልነካሁም» ማለቴን ሁሉ ነገርኩት። በዙሪያችን ያሉት ሰዎች ሁሉ ሰሙ። ማንም አልነቀፈኝም፣ ማንም አላጽናናኝም።

ታደለ ከፊት ሲሮጥ የነበረውን ሰውዬ ጠራና ቸርኬውን ተቀበለው። የጋሽ አንጁሎንም ቁልፍ ወሰደ። መሬት ላይ ተቀምጦ፣ የግራ ጫማውን አወለቀ። ጨርቁን ከእጄ ተቀብሎ ሽቦዋን ቦታዋ አገባት፣ በጣቱ አጠበቃት፣ ከዚያ ቁልፉን አኖረባትና ቀና ብሎ አየኝ።

«ሌላ የደበቅከው አለ?»

የለም ልል ነበር። አፌ ላይ ደርሳ ነበር።

«አለ» አልኩት። «ዳገቱ ላይ ድምፁን ስሰማ ያንተ ነበር የመሰለኝ። ልጠራህ እችል ነበር፤ ትንፋሽ አላጠረኝም። ደስ ብሎኝ ነው ዝም ያልኩት።»

ታደለ ሽቦዋን በጥፍሩ መታ አድርጎ አዳመጣት። ዓይኑን ከእኔ ላይ አላነሣም። ከዚያ ጎንበስ አለና ቁልፉን ግማሽ ዙር አዞረው።